የጠዋቱ ነጭ

«እርጅና ነው» የሚባል ነገር ባይኖር ኖሮ ሰው ስለ ብዙ ነገር ቆም ብሎ ለማሰብ በተገደደ ነበር። ጉልበት ሲንቋቋ እርጅና ነው። ቁልፍ ሲጠፋ እርጅና ነው። ሰው በጠራራ ፀሐይ ወንበር ላይ አንገቱን ደፍቶ ሲያንቀላፋም እርጅና ነው ይባልና ወሬው ወደ ሌላ ይዞራል። ቃሉ ክፉ ቃል አይደለም፤ ደግ ሰው ከንፈሩን እየመጠጠ የሚናገረው ነው። ክፋቱ ክዳን መሆኑ ላይ ነው። አንዴ ከተገጠመ ድስቱ ውስጥ ምን እያረረ እንደሆነ ማንም ከፍቶ አያይም።

በጋሽ ብሩሽ ቤትም ክዳኑ ከተገጠመ ወራት አልፈው ነበር።

ጋሽ ብሩሽ ቀለም ቀቢ ነው። «ነበር» ካላችሁት ይቆጣል። የሰፈሩ ሰው ይህን ስም ያወጣለት ሌላው ባለሙያ እርሳስ በሚሰካበት ጆሮው ላይ እሱ ትንሽ ብሩሽ ሰክቶ ስለሚዞር ነው፤ ረስቶት ቀብር ድረስ ይዞት የሄደበት ቀን አለ። ሚስቱ እትዬ ሃሎ ትባላለች። ዕድሜዋን ስልክ ማዞሪያ ላይ ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራ ነው ጡረታ የወጣችው። ጆሮዋ ንቁ ነው፤ ስለ ምላሷ ደግሞ ጋሽ ብሩሽ ይጠየቅ። «እሷ ስትናገር እኔ ግድግዳ ግድግዳውን ነው የማየው፤ እንጀራዬም እሱ ነው» ይል ነበር፣ ኩራቱን መደበቅ እያቃተው።

ካቻምና ስትሮክ ቀኝ ጎኗን መታት። እጇ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ እግሯ በምርኩዝ መለስ አለ። ንግግሯ እስኪመለስ ጊዜ ይወስዳል ተብሎ ነበር፤ እሷ ግን ከሆስፒታል ሳትወጣ ነርሷን የአልጋ አነጣጠፍ ስታስተምር ተገኘች። ጋሽ ብሩሽ ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ቆሞ እንደ ልጅ ሳቀ። ቤት ካመጣት በኋላ ሾርባውን የሚሠራው እሱ፣ ፀጉሯን የሚያበጥረው እሱ፣ ደግፎ ከሳሎን መኝታ ቤት የሚያመላልሳት እሱ ሆነ። መድኃኒቷንም ቢሆን ከእሱ እጅ ሌላ ማንም እንዲሰጣት አይፈቅድም። «በገዛ እጄ ነው የምሰጣት» ይላል ለጠየቀውም ላልጠየቀውም።

ለመድኃኒቱ የራሱ ሕግ ነበረው። ቀለም ቀቢነት ካስተማረው ነገር ሁሉ ትልቁ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈን አለማመን ነው። ቆርቆሮው «ነጭ» ይላል፣ ሲከፈት አመድ ነው። «ሰማያዊ» ይላል፣ ግድግዳው ላይ ሲደርቅ ቤቱን ፖሊስ ጣቢያ ያስመስለዋል። ስለዚህ ክኒኖቹን ከእሽጋቸው እየፈለፈለ ሳህን ላይ ይዘረግፋቸውና በዓይኑ እየለየ በየብልቃጡ ይጨምራል፤ እሽጉን ይጥለዋል። የጠዋቱ ነጭ ነው፣ የደም ግፊት። የምሳው ሮዝ ነው። የማታው፣ እንቅልፍ የሚሰጣት፣ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ነጩና ቢጫው ሁለቱም ክብ፣ ሁለቱም ምስር የሚያካክሉ ናቸው። «ወረቀት ይዋሻል እንጂ ቀለም አይዋሽም» እያለ ብልቃጦቹን በየመደርደሪያቸው ያቆማል።

በቀለም ነገር አስተያየት የሚሰጠው ሰው ደግሞ ወዮለት። አንዴ አንዲት የቤት ባለቤት «ትንሽ አልጠቆረም?» ብትለው ሳሎኗን እኩሌታው ላይ ትቶ መሰላሉን አጣጥፎ ሄዷል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ቢባልም፣ ወረቀት እንኳ ከጋሽ ብሩሽ ይሻላል፤ ውሃ ሲነካው ይለቃል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ታዲያ እትዬ ሃሎ ጠፋች። ሰውነቷ ወንበሩ ላይ አለ፤ እሷ ግን የለችም። ቁርሷን ጀምራ ዳቦው አፏ ውስጥ እንዳለ እንቅልፍ ይወስዳታል። ስትናገር ቃሉ ይጎተታል፣ መሀል ላይ ይቆማል፣ እዚያው ይቀራል። አንዳንድ ቀን ነቃ ትልና ጋሽ ብሩሽ ተስፋ ሲያደርግ በማግስቱ ተመልሳ ትጠፋለች። ጎረቤት መጥቶ አይቷት «ምን ይደረግ፣ እርጅና ነው» ብሎ ሄደ። የጤና ጣቢያው ሰው የደም ግፊቷን ለካና ከፍ ማለቱን አይቶ «መድኃኒቱን በትክክል ትወስዳለች?» አለ። «በገዛ እጄ!» አለ ጋሽ ብሩሽ ደረቱን ነፍቶ። «እንግዲህ ዕድሜም አለ» ብሎ ሰውዬው ዕቃውን ሰበሰበ።

አንድ ቀን ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ ወደቀች። እሷ ብዙ አልተጎዳችም፤ እሷን ሲያነሳ የእሱ ወገብ ግን ቀጭ አለ። ይሄኔ ነው ልጃቸው የቆረጠችው።

ልጅቱ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ናት። አንድ ልጃቸው ነች፤ ትወዳቸዋለች፣ የምትወዳቸውም እያሰለፈች ነው።

«አባዬ፣ የአረጋውያን ማዕከሉን ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ነርሶች አሉ። አንተም በፈለግህ ቀን ሄደህ ታያታለህ።»

«የገዛ ሚስቴን በጉብኝት ሰዓት?»

«ወገብህን እየው እስቲ! ከወንበር ለመነሳት እንኳ ጠረጴዛ መያዝ ጀምረሃል።»

«ወገቤ የራሴ ነው።»

«እናቴም የራሴ ናት።»

ድሮ ቢሆን እትዬ ሃሎ ጣልቃ ገብታ ሁለቱንም ልክ ልካቸውን ትነግራቸው ነበር። ዘወር ብሎ አያት። አገጯ ደረቷ ላይ ወድቆ፣ ሻይዋ ፊት ለፊቷ እንደቀዘቀዘ፣ ተኝታለች።

«ቅዳሜ መኪና ይዤ እመጣለሁ» አለች ልጅቱ፣ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

ጋሽ ብሩሽ የፈራው የቤቱን ባዶነት ብቻ አይደለም። እዚያ ከገባች በዚያው እንደምትቀር ልቡ ነግሮታል። እንዲህ ፈዛ ከቤት ከወጣች ማንነቷን የሚያውቅ ሰው አጠገቧ አይኖርም፤ ዝም ያለች አንዲት አሮጊት ትሆናለች፣ በቃ።

ረቡዕ ዕለት የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይ አስጠራው። መስታወት ማስቀመጫ መደርደሪያ ነቅሎ ግድግዳው ላይ ቀለም ያልነካው ባዶ ስቱኮ ቀርቶበት ኖሯል። «ጋሼ፣ ይችን ይድፈኑልኝ እንጂ ግድግዳው ደህና ነው» አለው። ጋሽ ብሩሽ ደስ አለው፤ ቢያንስ ስለ ቅዳሜ ሳያስብ አንድ ጠዋት ያሳልፋል። ሚስቱን ጎረቤት እንድታይለት አደራ ብሎ ወጣ። ግድግዳውን ትክ ብሎ አየ፣ ነጩን ቆርቆሮ ከፈተ፣ ቢጫ ጠብ አደረገበት፣ በጠበጠ፣ እንደገና ግድግዳውን አየ፣ «በቃው» አለ። አንደኛ እጅ ቀባ። እስኪደርቅ ከደንበኞቹ ጋር ሲጫወት ቆይቶ ሁለተኛ እጅ ደገመው። ከዚያ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸና እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሥራውን አደነቀ።

«የት እንደቀባሁ ለራሴም ጠፋኝ» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን እንደያዘ አንገቱን አከከ። ሰው የማያስቀይም ሰው ነው። ወንበሩ ላይ አረፋ ተቀብቶ የተቀመጠው ወፍራም ደንበኛ ግን እንዲህ ያለ ጠባይ አልነበረውም።

«ጋሼ፣ መስኮት ነው እንዴ የከፈቱልን? ብርሃን ገባኮ!»

ሳቅ ፈነዳ። ጋሽ ብሩሽ ደሙ ፊቱ ላይ ወጣ። «ምን ያስቃል? ይሄ ቀለምና ይሄ ግድግዳ የክር ታህል ልዩነት ካላቸው ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ሳቁ ቆመ።

«ጋሼ» አለ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ፣ «ግድግዳው ቢጫ ነው። እርስዎ የቀቡት ነጭ ነው።»

ጋሽ ብሩሽ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ እንግዳ ሰው ላይ ጣቱን ቀሰረ። «አንተ አታውቀኝም። ልታስደስተኝም ልታስከፋኝም ምክንያት የለህም። ተናገር።»

ሰውዬው ግድግዳውን አየ፣ ጫማውን አየ። «እንደ ትራስ ልብስ ነጭ ነው፣ አባባ። ይቅርታ።»

ጋሽ ብሩሽ ዞሮ አየ። ቀረብ ብሎ አየ፣ ራቅ ብሎ አየ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየ። አንድ ግድግዳ ነው የሚታየው። እነዚህ ሁሉ ሰዎች ተማክረው ሊያሾፉበት እንደማይችሉ ገባው፤ ቀጥሎ ደግሞ ሌላ ነገር ገባው።

«ነጭና ፈዛዛ ቢጫ» አለ ጮክ ብሎ፣ ለማንም ሳይሆን።

ብሩሹንም ቆርቆሮውንም ጥሎ ወጣ። ሽርጡን እንኳ አልፈታም። ወገቡን የሚያመው ሰው መሆኑን ረስቶ የቤቱን ደረጃ ወጣ፣ ሁለቱን ብልቃጦች ከመደርደሪያው አንስቶ ወደ መስኮቱ አስጠጋቸው። የጠዋቱ ብልቃጥ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። የማታው ውስጥ ያሉትም አንድ ዓይነት ናቸው። ችግሩ ጎን ለጎን ሲያደርጋቸው ሁለቱም አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው። እትዬ ሃሎ ወንበሯ ላይ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች።

የመድኃኒት ቤቷ ሴት ብልቃጦቹን በነጭ ትሪ ላይ ዘርግፋ ክኒኖቹን በቢላ ጫፍ እየገፋች ወዲያና ወዲህ ለየቻቸው። ጋሽ ብሩሽ ትሪውን ሳይሆን ፊቷን ነበር የሚያየው። ፊቷ ቀስ በቀስ ተለወጠ።

«አባባ፣ ማን ነው እነዚህን የቀላቀላቸው?»

«አንድ ቀለም ቀቢ» አለ።

ሴትየዋ ነገሩ ሲገባት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። የጠዋቱ ብልቃጥ ውስጥ ካለው የሚበዛው የእንቅልፉ መድኃኒት እንደሆነ ነገረችው። ብዙ ቀን ማታ የምትወስደውን ጠዋት ደግማለች ማለት ነው፤ በእነዚያ ቀኖች ደግሞ የደም ግፊቱ ቀርቶባታል። «በዚህ ዕድሜ ላይ እንኳን ሁለት፣ አንዱም ይከብዳል» አለች። «ግን በአንዴ አያቋርጡባት፣ እሱም ጉዳት አለው። ዛሬውኑ ሐኪም ይያት።» አልተቆጣችውም። ብትቆጣው ይሻለው ነበር።

ወደ ቤት ሲመለስ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ሰይጣን የሚመክረው ሰው ብቻውን ሲቀመጥ ነው፤ ጋሽ ብሩሽንም መከረው። ለሐኪሙ ብቻ በጆሮው ብትነግረውስ? ሚስትህ ትነቃለች፣ ልጅህም የአምላክ ሥራ ነው ብላ ታመሰግናለች፣ ቅዳሜም ይቀራል። ለልጅህ ከነገርክ ግን በቃ፣ እናቷን ካንተ እጅ ነጥቃ ብትወስድ ማን ይፈርድባታል? ምክሩ ልክ ነበር፤ ሰይጣን ሂሳብ አይሳሳትም። ግን ነገ ጠዋት ያ ብልቃጥ ሲከፈት የሚከፍተው እጅ ይሄው እጅ ነው፣ የሚያየውም ዓይን ይሄው ዓይን ነው። «በገዛ እጄ» እያለ ሲኮራ የከረመው ሰው በገዛ እጁ ሚስቱን ሲያስተኛ ከርሟል። እዚያው ደረጃው ላይ ሽርጡን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፣ ድምፅ አውጥቶ። ከዚያ ስልኩን አወጣ።

«ልጄ፣ እናትሽ አላረጀችም።»

«ምን ማለት ነው፣ አባዬ?»

«እኔ ነኝ ያስረጀኋት።»

ነገራት፣ አንድም ሳያስቀር። ከወዲያ ማዶ የተማሪዎች ጫጫታ ይሰማል። «መጣሁ» አለች። መጣችም። አንድ ክፉ ቃል ሳትናገር እናቷን ኮት አለበሰቻት፣ አባቷንም ክንዱን ይዛ መኪና ውስጥ አስገባችው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ግን አይቸኩልም። የደም ግፊቷን ለካ፣ ብልቃጦቹን አየ፣ የቆየ የሕክምና ካርዷን አገላበጠ። «ለመሆኑ ይሄ የእንቅልፍ መድኃኒት ለምን ተጀመረ?» ብሎ ጠየቀ። የሚያውቅ አልነበረም። ኋላ ከካርዱ እንደተገኘው ሆስፒታል ተኝታ ሳለች የሌሎች ሕመምተኞች ድምፅ እየረበሻት ጥቂት ሌሊት እንዲያስተኛት የታዘዘ ነው። ከወጣች በኋላ አቁሚ ያላት ሰው የለም። «ከአንዱ ሐኪም ወደ አንዱ እየተቀባበልን ስንጽፈው ከርመናል፤ እኔም አለሁበት» አለ። የጠዋቱን ወደ ቦታው መለሰው፣ የማታውን ቀስ በቀስ እንዲቀንሱት አዘዘ። «ምን ያህል እንደምትመለስ አላውቅም። ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ምንም አትወስኑ።»

ከዚያ ወደ ጋሽ ብሩሽ ዞሮ ዓይኑ ውስጥ መብራት አበራ። «የዓይን ሞራ ነው፣ አባባ። ዓለምን በቢጫ መነጽር ነው የሚያዩት። ቀስ እያለ ስለሚመጣ ለባለቤቱ አይታወቀውም።»

«ይድናል?»

«ይገፈፋል። ቀጠሮ እጽፍልዎታለሁ።»

ቅዳሜ አለፈ፣ መኪናውም አልመጣም። ልጅቱ ግን መድኃኒቱን ተረከበች። ጠዋት ከሥራ በፊት፣ ማታ ከሥራ በኋላ እየመጣች በእጇ ትሰጣለች። የምሳውን ሮዝ ጎረቤት ትሰጣለች። ክኒን የሚዋጥበት ሰዓት ሲደርስ ጋሽ ብሩሽ ወጥ ቤት ገብቶ የታጠበ ሳህን እንደገና ያጥባል። ማንም ውጣ አላለውም፤ እዚያ ቆሞ ማየት ስላቃተው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ምንም አልታየም። ልጅቱ እየከሳች፣ እሱም ተስፋው እየጨለመበት ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ምሳ ላይ እትዬ ሃሎ በግራ እጇ ማንኪያውን ሳህኑ ላይ ቆም አደረገች።

«ይሄ ሾርባ ጨው የለውም።»

ጋሽ ብሩሽ ጭልፋውን እንደያዘ ደረቀ። «ምን አልሽ?»

«ጨው። የለውም። ደግሞ ካሮቱ እንደ እንጨት ነው። ማን ነው የሠራው?»

«እኔ!» አለ ጋሽ ብሩሽ። እንዲህ ደስ ብሎት ጥፋት አምኖ አያውቅም። ወራት ሙሉ ያንኑ ሾርባ ስትጠጣ አንድ ቀን አልተማረረችበትም ነበር። ለልጁ ለመደወል ሲሮጥ በሩን በትከሻው መታው።

ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላት። መጋረጃው ለምን እንደቆሸሸ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደተዳረ፣ የጎረቤቷ ልጅ ሥራ ማግኘት አለማግኘቱን፣ ሁሉንም ጠየቀች። ሁሉም አልተመለሰም፤ ቀኝ እጇ አሁንም እንደተንጠለጠለ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ትደክማለች፣ አንዳንድ ስም ይጠፋትና ትናደዳለች። ግን የምትናደደው እሷ ራሷ ናት።

የወሩ መጨረሻ እሑድ ጠዋት ልጅቱ መጣችና አባቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ደክሟታል፣ ያስታውቃል።

«አባዬ፣ እንዲህ መቀጠል አልችልም። እሷ ደህና ሆናለች፣ አምላክ ይመስገን። ግን ነገ ሌላ ስህተት ቢመጣስ? ማዕከሉ ቦታዋን ይዞልናል። እሷን እዚያ ብናደርጋት እኔም እተኛለሁ።»

ጋሽ ብሩሽ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አጣምሮ ወለሉን አየ። «እኔ የምለው ነገር የለኝም። አፌን ሞልቼ እንዳልናገር እጄ ከድቶኛል። አንቺ እንዳልሽ ይሁን። እሷን ከተስማማት…»

«ለእሷ የሚሻለውን ነው የማስበው።»

«እሷም ትረዳናለች።»

«ይቅርታ» አለ ከወንበሩ በኩል ጥርት ያለ ድምፅ፣ «መስመሩ ላይ ሦስተኛ ሰው አለ።»

ሁለቱም ዞሩ። እትዬ ሃሎ መነጽሯን በግራ እጇ አፍንጫዋ ላይ እያስተካከለች ነበር።

«ስለማን ነው የምታወሩት? የማውቃት ሴት ትመስለኛለች።»

ልጅቱ አባቷን አየችው። እስከዚያች ቀን ለእናቷ ሙሉውን የነገራት ሰው አልነበረም፤ መድኃኒት ተቀይሮልሽ ነው ብለዋት ነበር። ጋሽ ብሩሽ ተነስቶ ወንበሩን ሚስቱ አጠገብ ሳበና ተቀመጠ።

«ሃሎዬ፣ እኔ ነኝ ያጠፋሁሽ። ዓይኔ ከድቶኝ የማታውን ጠዋት ስሰጥሽ ከርሜያለሁ። እርጅና ነው እያልኩ አጠገብሽ ቁጭ ብዬ…»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ቢጫ መሆኑን ነዋ። ዓይኔ ደህና ነው እኮ። ጠዋት ጠዋት ቢጫ ስትሰጠኝ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አትናገሪም!» አለች ልጅቱ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ።

እትዬ ሃሎ ባሏን እንጂ ልጇን አላየችም። «መጀመሪያ ሐኪሙ ቀይሮት ይሆናል አልኩ። በኋላ ደግሞ እንቅልፉ ነገሩን ሁሉ አስረሳኝ። ደግሞስ… ለአንተ ቀለም ልነግርህ? በሌላው ነገር ሁሉ ስናገርህ ኖሬያለሁ፣ ታውቃለህ። በቀለም ግን አንድ ቀን ተከራክሬህ አላውቅም። ይችን አንዷን ለአንተ ትቼልህ ነበር።»

ጋሽ ብሩሽ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እሷ ግራ እጇን አንስታ ጭንቅላቱ ላይ አሳረፈችው፤ ለረጅም ጊዜ አላነሳችውም።

«ከዛሬ ወዲያ ግን አልተውልህም» አለች በመጨረሻ። «በሉ መድኃኒቱን ከነእሽጉ አምጡልኝ። ብልቃጥ የሚባል ነገር በዚህ ቤት እንዳላይ።»

ልጅቱ እሽጎቹን ጭኗ ላይ አኖረችላት። እትዬ ሃሎ አንዱን አንስታ የመድኃኒቱን ስም፣ የሚወሰድበትን ሰዓት፣ የሚያበቃበትን ቀን፣ የሠራውን ፋብሪካ ሳይቀር ጮክ ብላ አነበበች። ስትጨርስ ክኒኑን ለማውጣት በአውራ ጣቷ ገፋችው፤ በአንድ እጅ የሚሆን አልነበረም፣ እሽጉ አምልጧት ወደቀ።

«አያችሁ?» አለች። «ዓይን እኔ አለኝ። እጅ እሱ አለው። እስከ ዛሬ አንዳችሁም አንብቢ አላላችሁኝም እንጂ።»

«እማዬ፣ አባዬ ቢሳሳትስ?»

«ይሳሳታል። እኔም እሳሳታለሁ። ግን ሁለታችን ባልተስማማንበት ክኒን ላይ አፌን አልከፍትም። እኔና እሱ በስህተት እንኳ አንድ ነገር ላይ የማንስማማ ሰዎች መሆናችንን አንቺ ታውቂያለሽ።»

ልጅቱ ሳትፈልግ ሳቀች።

«አንቺ ደግሞ በሳምንት አንዴ መጥተሽ ተቆጣጠሪን፤ ዳይሬክተር አይደለሽ? ገላዬን የምታጥበኝ አንዲት ሴት ፈልጊልኝ። አባትሽ ሲያጥበኝ ግድግዳ በብርጭቆ ወረቀት የሚፍቅ ነው የሚመስለው፤ ወገቡም አልቋል። ያ ማዕከል ቀን ቀን የደከመ እጅ የሚያሠሩበት ክፍል ካለው እሄዳለሁ፣ ሰው ናፍቆኛል። የማድረው ግን እዚህ ነው።»

ልጅቱ እናቷን አየች፣ አባቷን አየች፣ ለመከራከር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ጀርባ ላይ ሰቀለችው።

«እሺ» አለች። «አሳዩኝ እስቲ። የጠዋቱ ሰዓት ደርሷል።»

ጋሽ ብሩሽ ተነስቶ እጁን ታጠበ፤ ወጥ ቤት ግን አልቀረም። ጠረጴዛው ላይ ከተደረደሩት እሽጎች አንዱን ብድግ አደረገና አውራ ጣቱን ክኒኑ ላይ ደገነ። እርግጠኛ ነበር። መልኩ ያው የጠዋቱ ነጭ ነው።

«ቆይ» አለች እትዬ ሃሎ። «ወደዚህ አምጣው።»

አስጠጋላት። አነበበች። «ይሄ የማታው ነው። ቢጫ ነው፣ አንተ ሰው።»

ጋሽ ብሩሽ ክኒኑን አየ። ለእሱ ነጭ ነው። ያ የድሮ ቁጣ እስከ ጉሮሮው ወጣ፣ ልጁም አየችው፣ ትንፋሿን ያዘች። ቁጣው እዚያው ትንሽ ቆየና ተመልሶ ወረደ።

«ቢጫ ነው» አለ።

እሽጉን አስቀምጦ ሌላውን አነሳና ፊቷ ዘረጋላት። እትዬ ሃሎ ሳትቸኩል ከላይ እስከ ታች አነበበችው፣ ቀና ብላ ባሏን አየችው።

«አዎ፣ እሱ ነው» አለችና አፏን ከፈተች።